መሐሉን አትዝለይ

በአባያ ሰው ከእንቅልፉ ሲነቃ መጀመሪያ የሚያደርገው ፊቱን መታጠብ አይደለም፤ መመዘን ነው። ከአልጋው ሲወርድ ወለሉ ክብደቱን ይወስዳል። ወዲያው ከግድግዳው ውስጥ አንድ የሴት ድምፅ ይመጣል፦ «ይመናሹ፣ ወደ ቀኝ። ሶስና፣ ወደ ቀኝ።» የተጠራው ሰው ጫማውን አጥልቆ፣ ዓይኑን እያሻሸ፣ ወደተባለው ጎን ይሄዳል። መርከብ በግራ በኩል ስንዴ ሲያራግፍ ሰው በቀኝ ይቆማል፤ በቀኝ ሲያራግፍ በግራ ይቆማል። ቁርሱን ቆሞ የሚበላ አለ። ቆሞ የሚጸልይ አለ። ልጆች ቆመው የቤት ሥራቸውን ይሠራሉ።

አባያ መሬት አይደለችም። የብስ ከማይታይበት ባሕር ላይ የተንሳፈፈች የብረት ወደብ ናት። የሠሯት የባሕር በር የሌላቸው ሰዎች ነበሩና፣ ከሚያውቁት ውሃ ስም አወጡላት። እህቶቿም ጫሞና ዝዋይ ይባላሉ፤ ስንዴ የሚያመላልሱት መርከቦችም የሐይቅ ስም ነው ያላቸው። በዘመኗ አዲስ ነበረች። አሁን አርጅታለች፤ ሚዛኗን የሚጠብቁላት የውሃ ጋኖች እንደ ድሮው አይሞሉም፤ ስለዚህ ሰው ለእሷ ሠራተኛም ነው፣ ክብደትም ነው።

ነዋሪው ያንን የግድግዳ ድምፅ «እትዬ ሚዛን» ይለዋል። «እትዬ ሚዛን ዛሬም አወፈረችኝ» ይባባላሉ ጠዋት ጠዋት። እትዬ ሚዛን ሁሉን ትናገራለች፤ የሥራ ሰዓት፣ የምግብ ዓይነት፣ የአየሩን ሁኔታ። በየደጃፉ ያለውን ሰሌዳም የምታነበው እሷ ናት። በሰሌዳው ላይ የወደቧ ፈቃድ በአንድ ቃል ይጻፋል። በደኅናው ቀን «ጸንቷል» ይላል። በዓይኑ የሚያነበው ሰው ጥቂት ነው። ጆሮ ካለ ዓይን ለምን ይደክማል ብሎ ሕዝቡ ማንበብን እንደ ጥልፍ ሥራ ትቶታል፤ የቀረው ለልጆችና ለጥቂት ሹማምንት ነው።

ይመናሹ ጠራጊ ናት። ከመርከብ ሲወርድ የሚፈሰውን ስንዴ ትሰበስባለች። ማንበብ የጀመረችው በልጇ ነው። ሶስና አሥር ዓመቷ ነው፤ በወደቧ ትምህርት ቤት ፊደል ታውቃለች፤ ከሥራ በኋላ እናቷን ከስንዴው አቧራ ፊት ታስቀምጥና በጣቷ ትጽፍላታለች። ይመናሹ ትጓጓለች፤ ስለምትጓጓም ትቸኩላለች። «መርከብ» የሚለውን አይታ «መዝገብ» ትላለች፣ ቀጥላም በደስታ ታጨበጭባለች።

«እማዬ፣ አንቺ እኮ ጫፍና ጫፉን ይዘሽ መሐሉን ትገምቻለሽ!» ትላታለች ሶስና። «መሐሉን አትዝለይ።»

«ሰው ሁሉ እንደዚያ አይደል እንዴ የሚኖረው?»

«ሲኖር ነው። ሲያነብ አይሆንም።»

ሶስና የስኳር ሕመም አለባት። ኢንሱሊኗ የሚመጣው በመርከብ ነው፤ የሚሰጣትም በእናቷ ሥራ ስም ነው። እናቷ ሥራውን ትታ ብትሄድ መድኃኒቱም ይቀራል። ይመናሹ ይህን ነገር ሳታስበው የዋለችበት ቀን የለም። ትንሿ ማቀዝቀዣ ድምፅ ስታሰማ ትነቃለች፤ ድምፅ ስታጠፋም ትነቃለች።

አንድ ምሽት የክሬን ነጂው ሁመድ ከላይ ወርዶ ወደ እሷ መጣ። ሁመድ የአፋር ሰው ነው፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ወሬ የማያበዛ።

«የሶስና እናት፣ ሰምተሻል?» አላት።

«ምኑን?»

«ፈቃድ ሰጪው ጉባኤ ዛሬ በእኛ ጉዳይ ተቀምጧል። አባያ ታዘነብላለች ብለዋል። ወይ ያድሱልናል፣ ወይ ያግዱናል። ነገ ጎህ ሲቀድ ሰሌዳው ላይ ይወጣል።»

«ቢያግዱንስ?»

«መርከቧ ላንጋኖ ታች ታስራ ቆማለች። ከታገድን፣ መሄድ የፈለገ ፀሐይ እስክትወጣ በሕግ ይሄዳል፤ የልጅሽም መድኃኒት በየብስ ይሰጣታል። ፀሐይ ስትወጣ ግን ላንጋኖ ገመዷን ትፈታለች። ከዚያ በኋላ የሚነካን መርከብ የለም።»

«ለምን አይነካንም?»

«እገዳ ይጋባል፣ የሶስና እናት። የታገደ ወደብ የነካ መርከብ አብሮ ይታገዳል። እንደ ፈንጣጣ በይው።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ታድሷል ካለ ተኚ። ታግዷል ካለ ልጅሽን ይዘሽ ውረጂ። እኔ ክሬኑ ላይ ነኝ፤ መጥቼ አልቀሰቅስሽም።»

ያን ሌሊት ሶስና ደህና አላደረችም። ስኳሯ ወረደ፣ ላብ አጠመቃት፣ እናቷ ማር በማንኪያ አላሰቻት። እንቅልፍ የወሰዳት ሊነጋ ሲል ነው። ይመናሹ ልጇ እንዳትነቃባት ብላ የእትዬ ሚዛንን ድምፅ ዘጋችው። ከዚያ ቀስ ብላ በሩን ከፍታ ሰሌዳው ፊት ቆመች።

ቃሉ ወጥቷል። መጀመሪያው «ታ» ነው። መጨረሻው «ል» ነው። ከ«ል» በፊት ያለው ፊደል እግሩ ሥር መስመር አለው፤ «ሷ» እንደዚያ ነው። ልቧ ከዓይኗ ቀድሞ አነበበ።

«ታድሷል» አለች በሹክሹክታ። «ተመስገን! ታድሷል።»

በራሷ አነበበችው። ማንም ሳይነግራት። ተመልሳ ገብታ የልጇን ብርድ ልብስ አስተካከለችና አጠገቧ ጋደም አለች። ከታች የላንጋኖ ጡሩምባ ሲነፋ ሰማች። መልካም መንገድ ይሁንላችሁ አለች በሆዷ።

ፀሐይ ከወጣ በኋላ መጥረጊያዋን ይዛ ወደ ሥራ ስትወርድ፣ የሥራ ጓደኛዋ ፋናዬ ገና ከሩቅ አይታ ጮኸች።

«አንቺ! እዚህ ምን ትሠሪያለሽ? ሶስና የት አለች?»

«ተኝታለች። ምነው?»

«ተኝታለች? አልሄዳችሁም እንዴ?»

«ለምን እንሄዳለን? ታድሷል አይደል?»

ፋናዬ አፏን ከፍታ አየቻት። «ማን ነው የታደሰው? የኔ እናት፣ ታግዷል! እትዬ ሚዛን ከጎህ ጀምሮ ስትለፈልፍ አልሰማሽም?»

ይመናሹ መጥረጊያዋን ጣለች። ወደ ሰሌዳው ሮጠች። ጣቷን በየፊደሉ ላይ አኖረች፣ ልጇ እንዳስተማረቻት። ታ። ግ። ዷ። ል።

መሐሉን ዘላዋለች።

ላንጋኖ ከአድማሱ ላይ የጥፍር ያህል ሆና ትታይ ነበር።

የታገደ ወደብ ኑሮ ካልታገደው ብዙም አይለይም፤ ለዚህ ነው የሚያስፈራው። ጠዋት መመዘን አለ። ጥሪ አለ። የሚራገፍ ስንዴ የለም፤ ሰው ግን ይቆማል። ጠራጊዎች የተጠረገውን ይጠርጋሉ። ከሩቅ መርከቦች ያልፋሉ፤ ጡሩምባ አይነፉም፤ ሰላምታም ይጋባል ተብሏልና። በሰማይ የሚበሩት ዕቃ አመላላሾችም አባያ ጋ ሲደርሱ ጉድጓድ እንዳለበት መንገድ ጠምዘዝ ብለው ያልፏታል።

የወደቧ ኃላፊ አቶ ገዝሙ ክፉ ሰው አይደሉም። በየቀኑ ወደ ጉባኤው ይደውላሉ። በየቀኑ «ጉዳዩ በመታየት ላይ ነው» ይባላሉ። ይመናሹም በየቀኑ በራቸው ላይ ናት።

«አቶ ገዝሙ፣ ስለ ልጄ ነገሯቸው?»

«ነገርኳቸው፣ ወይዘሮ ይመናሹ። ይቀመጡ።»

«አልቀመጥም። ምን አሉ?»

አቶ ገዝሙ ግንባራቸውን ጠረጉ። «የታገደ ወደብ ያው ወደብ ነው ይላሉ። እናንተም በሥራ ላይ ያላችሁ ሠራተኞች ናችሁ። በሥራ ላይ ያለ ሠራተኛ አደጋ ላይ ነው አይባልም። ስለዚህ የነፍስ አድን መርከብ አይላክም።»

«መቼ ነው ታዲያ አደጋ ላይ ነው የሚባለው?»

«ወደቡ ሲሰረዝ። የተሰረዘ ወደብ ወደብ አይደለም፤ ስብርባሪ ነው። ስብርባሪ ላይ ያለ ሰው ደግሞ እንደሰመጠ ሰው ነው የሚታየው። ያየው መርከብ ሁሉ የማንሳት ግዴታ አለበት።»

ይመናሹ አሰበችው። «እንግዲህ የታገደው ሠራተኛ ነው። የተሰረዘው ሰው ነው።»

«እንደዚያ በቁጣ አይውሰዱት። እገዳ ይነሳል፣ ስረዛ ግን አይነሳም። አባያ ከተሰረዘች ይህ ሁሉ ቤተሰብ እንጀራው አበቃ። ጥሪውን አክብሩ የምለውም ለዚህ ነው። ማዘንበሏ ካሁኑ በጥቂት ቢብስ ሰሌዳው ማንንም አይጠይቅም፤ በራሱ ይሰርዘናል።»

ይህን የተናገሩት ለማስፈራራት ነው። ይመናሹ ግን ከሄደች በኋላም ቃላቸው አብሯት ሄደ።

ኢንሱሊኑን በግማሽ ማድረግ ጀመረች፤ ከዚያ የግማሹን ግማሽ። ሶስና ውሃ ትጠጣለች፣ አትረካም። ትሸናለች፣ ደግማ ትጠጣለች። ጉንጯ ሟሸሸ። ከአፏ ከመጠን በላይ የበሰለ የሙዝ ሽታ መጣ። ይመናሹ ያንን ሽታ ታውቀዋለች፤ ሕመሙ የታወቀ ጊዜ ሐኪሙ «ይህን ከሸተተሽ ሩጪ» ብሏት ነበር። ወዴት እንደምትሮጥ አልነገራትም።

የመጨረሻው ብልቃጥ ባዶ በሆነ ማግስት ሶስና ትምህርቱን አላቋረጠችም። ተኝታ በጣቷ አየር ላይ ጻፈች።

«ይህ ምንድን ነው እማዬ?»

«አይታየኝም ልጄ። ቀስ በዪና ጻፊው።»

«ሰነፍ ተማሪ» አለች ሶስና፤ ሳቅ ጀምራ ትታው ዓይኗን ጨፈነች።

በነጋታው ጠዋት እትዬ ሚዛን ሰውን ሁሉ ጠራች። «ወደ ቀኝ» አለች። አባያ በራሷ ወደ ግራ ማድላት ስለለመደች ጥሪው ከሳምንት ሳምንት ወደ ቀኝ ነበር። ሰዉ እያዛጋ ወደ ቀኝ ሄደ። ይመናሹ ሶስናን አዘለች። የአሥር ዓመት ልጅ ለማዘል ትከብዳለች፤ ከብዳ አልተሰማቻትም፤ እሱ ነው ያስደነገጣት። ነጠላዋን ከደረቷ ላይ አጥብቃ አሰረችና ወደ ግራ ሄደች፤ እስከ መጨረሻው አጥር ድረስ።

«ይመናሹ፣ ወደ ቀኝ» አለች እትዬ ሚዛን።

አልተመለሰችም።

«ይመናሹ፣ ወደ ቀኝ። ሶስና፣ ወደ ቀኝ።»

ሰዉ ዞሮ አያት። መካከሉ ባዶ ሆኖ ያ ሁሉ ሕዝብ ወዲያ፣ እናትና ልጅ ወዲህ።

«ምን ሆነሻል?» ፋናዬ ጮኸች። «አእምሮሽን ስተሻል?»

«ይሰረዝ» አለች ይመናሹ። ደገመችው። «ይሰረዝ! ሲሰረዝ መርከብ ይመጣል።»

ጉርምርምታው እንደ ንብ ተነሳ።

«እኔስ?» አለች ፋናዬ። «አምስት ታናናሾቼን የሚያበላልኝ ማን ነው? ያንቺ ልጅ ብቻ ናት እንዴ ልጅ?»

«አይደለችም» አለች ይመናሹ። «አይደለችም ፋናዬ። ግን ልትሞትብኝ ነው። ሌላ የማውቀው ነገር የለኝም።»

አቶ ገዝሙ ከሕዝቡ ፊት ወጡ። «ወይዘሮ ይመናሹ፣ ይመለሱ፤ እለምንዎታለሁ። ዛሬ መልስ ሊመጣ ይችላል።»

«ትናንትም ሊመጣ ይችል ነበር አቶ ገዝሙ።»

«ደግሞስ አንድ ሰው ምን ያመጣል? የእርስዎ ክብደት አባያን አያነቃንቃትም!»

እውነታቸውን ነበር። ይመናሹ አጥሩን ይዛ እግሯ ሥር ያለውን ወለል አየች። ምንም የተለወጠ ነገር የለም። ያኔ ነው ያለቀሰችው፤ ስታለቅስም ጀርባዋ ላይ ያለችው ልጅ እንዳትነቃነቅ ትንፋሿን ይዛ ነበር።

ከላይ ብረት ሲያቃስት ተሰማ።

ሁሉም ቀና አለ። የክሬኑ ክንድ፣ ከእገዳው ቀን ጀምሮ ሳይነቃነቅ የቆየው፣ ቀስ እያለ ይዞር ነበር። ከሕዝቡ ራስ በላይ አልፎ፣ ባዶውን መሐል ተሻግሮ፣ ወደ ግራ መጣና ከባሕሩ በላይ ተዘረጋ።

«ሁመድ!» አቶ ገዝሙ ጮኹ። «ሁለተኛ ክሬን አትነካም! በየትኛውም ወደብ!»

ሁመድ ከሳጥኑ መስኮት ራሱን አወጣ። «አውቃለሁ ጋሼ! የሶስና እናት፣ እኔ ያን ቀን ወርጄ ልቀሰቅስሽ ይገባኝ ነበር!»

ወለሉ ተነፈሰ። የወለሉ ስንጥቅ ውስጥ የተረሳ ስንዴ፣ ስንት መጥረጊያ ያለፈው፣ ከየጉድጓዱ ወጥቶ ፍሬ በፍሬ ወደ ግራ መንከባለል ጀመረ። እግሯ ሥር ደርሶ ቆመ።

ሰሌዳው ግን ያው ነው። ታግዷል።

«አልበቃም» አለ አንድ ሰው፤ እፎይ ብሎ ይሁን አዝኖ አልታወቀበትም።

ያን ጊዜ ፋናዬ ከሰዉ ተገንጥላ ወጣች። መሐሉን ስትሻገር እየተሳደበች ነበር። «እግዜር ይይልሽ! እንጀራዬን በላሽው! የጨነቀው እርጉዝ ያገባል አሉ፣ አንቺስ ወደብ ታሰጥሚያለሽ!» እያለቀሰች ደረሰች፤ ከይመናሹ አጠገብ ቆማ የሶስናን እግር በሁለት እጇ ያዘች። «ውይ! እግሯ እንዴት ይቀዘቅዛል» አለች፤ ከዚያ መሳደቧን ተወች።

ከእሷ በኋላ ሁለት አሮጊቶች መጡ። ከዚያ የወጥ ቤት ሠራተኞች። ያልመጣም ብዙ ነው፤ አቶ ገዝሙ አልመጡም፣ ከእሳቸውም ጋር የቀሩ የቤተሰብ አባቶች አንገታቸውን ደፍተው በቀኝ አጥር ላይ ተሰለፉ። በእነሱ የሚፈርድ አልነበረም። እትዬ ሚዛን ስም እየጠራች «ወደ ቀኝ፣ ወደ ቀኝ» ትላለች፤ በተረጋጋ ድምፅ፣ የምግብ ዓይነት እንደምትናገር። ወለሉ እንደ ጣሪያ አዘቀዘቀ። አንድ ጀሪካን ከወዲያ ጫፍ ተነስቶ እየተንከባለለ መጣና አጥሩን መታው።

ከዚያ ድንገት ዝም አለች። እትዬ ሚዛን በስም መካከል ዝም አለች።

ሰሌዳው ላይ ያለው ቃል ጠፍቶ ሌላ ቃል በራ።

«ምን ይላል?» ፋናዬ ጮኸች። «አንብቢው! አንቺ አይደለሽ የምታነቢው?»

ይመናሹ አየችው። መጀመሪያውን አወቀችው፤ መጨረሻውንም አወቀችው፤ ልቧ እንደገና ሊቀድማት ሲል ያዘችው። «ተ» አለች ጮክ ብላ። «ሰ።» ዓይኗን አንድ ፊደል አሻገረች። «ር።» ቆመች። ቀጣዩን ፊደል ረጅም ጊዜ አየችው፤ ባለፈው ያታለላት ዓይነት ነው፣ እግሩ ሥር መስመር ያለው። «ዟ» አለች። «ል።»

አንዱ ወለሉ ላይ ተቀመጠ። በቀኝ በኩል የቆሙት አቶ ገዝሙ ባርኔጣቸውን አወለቁ፣ ለቀብር እንደሚወለቅ። አባያ ማቃሰቷን አላቆመችም፤ ማዘንበሏም ቆመ ለማለት አይቻልም ነበር። ሰዉም ለመጀመሪያ ጊዜ የት እንደሚቆም የሚነግረው አጣ፤ ወደ ቀኝ ሁለት እርምጃ ይሄድና ይመለሳል፣ ግድግዳውን ያያል፣ ይጠብቃል።

ከዚያ ጡሩምባ ተነፋ። ከስንት ጊዜ በኋላ፣ ከአድማሱ ላይ፣ አንድ፣ ቀጥሎም ሌላ። በሩቅ ያልፉ የነበሩት መርከቦች አፍንጫቸውን ወደ እነሱ አዞሩ። የቀደመችው እየቀረበች መጣች፤ ሰማያዊ ናት፤ ጎኗ ላይ ነጭ ፊደል አለ።

«ሶሲ» አለች ይመናሹ አንገቷን ዞር አድርጋ። «ሶሲዬ፣ መርከብ መጣ። ስሟን አንብቢልኝ።»

ልጅቷ አልመለሰችም። ማጅራቷ ላይ የሚያርፈው ትንፋሽ ፈጣንና ጥልቅ ነው፤ ሙዝ ሙዝ ይሸታል።

«ሶሲ! አንብቢልኝ እንጂ!»

«...ላ» አለች ሶስና።

«ጎበዝ። ላ። መጨረሻውስ?»

«ኖ።»

«መሐሉስ?»

ዝም።

«መሐሉስ ልጄ? ለኔ አይታየኝም» አለች ይመናሹ። ፊደሎቹ እንደ በር ገዝፈው፣ አንድም ሳይቀር ይታዩአት ነበር፤ ሁሉንም አንብባ ጨርሳለች። «አንቺ አይደለሽ ያልሽኝ? መሐሉን አትዝለይ። ንገሪኝ።»

ፋናዬ የልጅቷን እግር በእጇ ታሻለች። ወለሉ አንድ ጊዜ ዘፍ አለና ያዘ። ይመናሹ በአንድ እጇ አጥሩን፣ በአንድ እጇ የነጠላዋን ቋጠሮ ይዛ ጠበቀች።

«...ን» አለች ሶስና።

«ን። ተባረኪ» አለች እናቷ። «ቀጥሎስ?»